ግርማና ሞገስ በሮማ፦ የአክሱም ሐውልት፣ የይሁዳ አንበሳና የነጻነት ጥያቄ በሥነ ውበት ፍልስፍና

አማርኛ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ሥራ ታላቅነት ሲገልጽ «ግርማ ሞገስ ያለው» ይላል። ሁለቱ ቃላት አዘውትረው አብረው ስለሚነገሩ አንድ ፍቺ ያላቸው ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። «ግርማ» ገረመ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ሥሩ ፍርሃት ነው። በግእዝ «ግሩም» የሚባለው የሚያስፈራ፣ የሚያርድ፣ ከፊቱ ቆመው ቃል ለመተንፈስ የሚያስቸግር ነገር ነው። በዛሬው አማርኛ «ግሩም ነው» ስንል ፍርሃቱ ተንኖ አድናቆቱ ብቻ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የገዳም አባቶች ተጋድሎ ሲተረክ ግርማ ሌሊቱን፣ ድምፀ አራዊቱን ታግሠው ኖሩ ሲባል ጥንታዊው ፍቺ አሁንም ሕያው ነው። «ሞገስ» ግን ሌላ ነው። ሞገስ የሚስብ፣ የሚያስወድድ፣ ባለቤቱን በሰው ፊት ተወዳጅ የሚያደርግ ጸጋ ነው። ግርማ ያለው ሁሉ ሞገስ የለውም፤ ሞገስ ያለውም ሁሉ ግርማ የለውም።

ይህን ልዩነት ያነሣሁት ለሰዋስው ጉዳይ ብዬ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ፈላስፎች ሥነ ውበትን ራሱን የቻለ የፍልስፍና ክፍል አድርገው ሲያቋቁሙ ከተከራከሩባቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ይኸው ስለሆነ ነው። ጣሊያኖች «ሱብሊሜ» የሚሉትንና እኔ በዚህ ጽሑፍ ግርማ እያልኩ የምጠራውን ነገር ከውበት የሚለየው ምንድን ነው? የሚያስፈራ ነገር ስለምን ደስ ያሰኛል? ከሰው ነጻነትስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥያቄዎቹን በረቂቁ ብቻ ከማመላለስ አንድ ቦታና አንድ ዘመን ይዞ መመርመር ይሻላል። ቦታው ሮማ ነው፤ ዘመኑም የአክሱም ሐውልት እዚያ ቆሞ የኖረበት፣ ከ1937 እስከ 2003 ያለው ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው መጽሐፍ የግርማ ምንጩ ሽብር ነው አለ። ጨለማ፣ ስፋት፣ ጥልቀት፣ ኃይል፣ ዝምታ፤ እነዚህ ሁሉ ያስፈራሉ። ነገር ግን አደጋው ራቅ ብሎ ሲታይ፣ ማለትም ተመልካቹ ራሱ ከጉዳት ውጭ መሆኑን ሲያውቅ፣ ፍርሃቱ ወደ አንድ ዓይነት ደስታ ይለወጣል። ውበት በበርክ ዘንድ ከዚህ በተቃራኒ ትንሽ፣ ለስላሳና የሚወደድ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ጨለማና ጥቁረት በተፈጥሯቸው እንደሚያስፈሩ ለማስረዳት፣ ዕውር ሆኖ ተወልዶ በሐኪም እጅ ዓይኑ የበራለትን የአንድ ልጅ ታሪክ ይጠቅሳል፤ ልጁ ከወራት በኋላ አንዲት ጥቁር ሴት ባየ ጊዜ እጅግ ደነገጠ ይለናል። ሴቲቱ ምን እንደተሰማት በርክ አይጠይቅም። አማኑኤል ካንትም በ1764 ስለ ውበትና ስለ ግርማ ስሜት በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ሕዝቦችን በየስሜታቸው ሲመድብ፣ አፍሪካውያንን ከተራ ነገር በላይ ከፍ የሚል ስሜት የሌላቸው አድርጎ ጻፈ፤ ለዚህም ስኮትላንዳዊውን ዴቪድ ሁምን ምስክር ጠራ። እንግዲህ ትምህርቱ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ የእኛ መልክ በውስጡ አለ፤ ያለው ግን በሚታየው ወገን እንጂ በሚያየው ወገን አይደለም።

እነዚህን ገጾች አንብቦ መጽሐፉን መዝጋት ይቻላል። እኔ አለመዝጋቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ካንት ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ ስለ ፍርድ ኃይል ባወጣው ታላቅ ሥራው የደረሰበት ሐሳብ የደራሲውን ፈቃድ የማይጠብቅ ነው። ካንት በዚህ ሥራው እንደሚያስተምረው ግርማ በዐለቱ፣ በማዕበሉ ወይም በመብረቁ ውስጥ የለም። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ሥጋችንን ሊያጠፋ ይችላል። ነገር ግን በዚያ ኃይል ፊት ቆመን፣ የሥጋችንን ድካም እያወቅን፣ ኃይሉ ሊያዝዘው የማይችል አንድ ነገር በውስጣችን እንዳለ እንረዳለን፤ እርሱም ነጻ ፈቃዳችን ነው። ግርማ የምንለው በእውነቱ ይህን መረዳት ሆኖ ሳለ በስሕተት ለማዕበሉ እንሰጠዋለን። ስለዚህ ኃይል ብቻውን ግርማ አይሆንም፤ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ በላያችን ሥልጣን የሌለው ሆኖ የታየን እንደሆነ ነው። በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ሰው ግርማን ሊያይ አይችልም። ከአምላኩ ፊት በድንጋጤ ብቻ በግንባሩ የሚደፋውም ቢሆን፣ ይላል ካንት፣ የአምላኩን ግርማ አላየም። (ስለ መጠን ታላቅነት ሲጽፍ ከሰጣቸው ምሳሌዎች መካከል የግብፅ ፒራሚዶችና የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኙበታል። ሁለቱንም በዓይኑ አላያቸውም።)

አሁን ወደ ሮማ እንሻገር። የሌላውን ሕዝብ ድንጋይ አምጥቶ በአደባባይ ማቆም ለዚያች ከተማ የቄሣሮች ዘመን ልማድ ነው። አውግስጦስ ከሄልዮፖሊስ ያስመጣውን ሐውልት በቺርኮ ማሲሞ፣ ሠረገሎች በሚሽቀዳደሙበት ሜዳ መካከል አቆመው። በ357 ደግሞ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንጥዮስ ከላይኛው ግብፅ የመጣውን፣ ከሮማ ሐውልቶች ሁሉ የሚረዝመውን በዚያው ሜዳ ላይ አስተከለ፤ ዛሬ በላተራኖ አደባባይ የሚታየው እርሱ ነው። ይህ ቄሣር ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በዚያው ሰሞን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ፍሬምናጦስን ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት ጠይቆ ነበር። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልናል። ቄሣሩ ሁለቱን ነገሥታት የጠራቸው የተከበሩ ወንድሞች ብሎ ነው።

የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች የቆሙትም በዚያው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ሁለት መንግሥታት በአንድ ዘመን ድንጋይ ያቆሙ ነበር፤ አንዱ ከራሱ ኮረብታ ጠርቦ በራሱ ሙታን መቃብር ላይ፣ ሌላው ከሰው አገር ወስዶ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጀመሪያው ድንጋይ በሁለተኛው ሜዳ ጫፍ ላይ ተገኘ።

ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ ቁመቱ 33 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ሲሆን ተሰባብሮ እንደ ወደቀ ነው። ሁለተኛው 24 ሜትር ገደማ ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው፤ በሐሰተኛ በሮችና መስኮቶች ባለ ብዙ ፎቅ ቤት አስመስለው የጠረቡት ነው። የኢጣልያ ጦር በ1935 አክሱምን ሲይዝ ይህኛውም ወድቆና ተሰባብሮ ነበር። ስባሪዎቹ በመኪና ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም «አድዋ» በተባለች መርከብ ወደ ናፖሊ ተጓዙ፤ የደረሱትም በማርች 1937 ነው። የመርከቧን ስም አንባቢ ልብ ይበለው። ሐውልቱ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ለኢጣልያ አፍሪካ ሚኒስቴር በታሰበው ሥፍራ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ ቆሞ፣ ፋሺስቶች ወደ ሮማ የዘመቱበት 15ኛ ዓመት በሚከበርበት ቀን፣ ኦክቶበር 28 ቀን 1937 ተመረቀ። በአክሱም ሳለ የመቃብር ምልክት፣ የሙታን ቤት አምሳል ነበር። በሮማ የድል ምልክት ሆነ። ቁመቱ ግን ያው ነው፤ ጥርቡም አልተለወጠም።

የሙሶሊኒ መንግሥት ስለ ግርማ የነበረው አስተሳሰብ ከዚህ ይነበባል። ትልቅ ነገር ያስፈራል፤ የሚያስፈራውን ነገር የያዘ ሰው ይፈራል። በርክን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ርቀት የሚሰጠውን ደስታ ግን በሚገባ አውቀውታል። የፊውቱሪስቶች አለቃ ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተውን ጦርነት ውብ ነው ብሎ አወጀ፤ ራሱም ወዶ ዘመተ። የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ስለ አየር ድብደባው ባሳተመው ማስታወሻ፣ በፈረሰኞች መካከል የወደቀ ቦምብ ሲፈነዳ ከላይ እንደሚፈካ አበባ ሆኖ እንደታየው ጽፏል። በርክ አደጋው ሲርቅ ደስታ ይወለዳል ያለው፣ ተመልካቹና አደጋውን ጣዩ አንድ ሰው ሲሆኑ ምን እንደሚመስል ያላሰበበት ይመስለኛል። መርዝ ጋዝ የተረጨባቸው ሰዎች እይታ በዚያ ማስታወሻ የለም፤ በበርክ መጽሐፍ የሴቲቱ እይታ እንዳልነበረ ሁሉ።

ይህን በጊዜው ያስተዋለ አንድ ስደተኛ ነበር። ዋልተር ቤንያሚን ከሂትለር አገር ሸሽቶ በፓሪስ ሲኖር በ1936 በታተመው ድርሰቱ መደምደሚያ ላይ የማሪኔቲን አዋጅ አንሥቶ፣ ፋሺዝም ፖለቲካን የውበት ትርኢት የሚያደርግ ሥርዓት መሆኑን ጻፈ፤ የሰው ልጅ የራሱን ጥፋት እንደ ታላቅ የጥበብ ደስታ አድርጎ እስኪያይ ድረስ ከራሱ መራቁን አመለከተ። በ20ኛው መቶ ዘመን የሥነ ውበት ጽሑፎች ውስጥ እጅግ ደጋግመው ከተጠቀሱት ገጾች አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት የተጻፈ ነው። ቤንያሚንን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ማሪኔቲን ያስታውሳሉ፤ የጦርነቱን አገር ስም ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

ከአክሱም ሐውልት ሌላ ከኢትዮጵያ ወደ ሮማ የተወሰደ ሁለተኛ ምርኮኛ ነበር። ራስ አሉላ ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የኢጣልያ ጦር መታሰቢያ በዚያው ዓመት በሮማ ባቡር ጣቢያ ፊት ሐውልት ቆሞለት ነበር። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ የፈርዖን ራምሴስ 2ኛ ነው፤ ለሽንፈት መታሰቢያ እንኳ የአፍሪካ ድንጋይ አስፈለገ። በ1920ዎቹ ሐውልቱ ከጣቢያው ፊት ተነሥቶ እዚያው አቅራቢያ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ቆመ። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1930፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን፣ በምድር ባቡር ጣቢያው ፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተመርቆ ነበር። ወራሪዎቹ ይህን አንበሳ ነቅለው ወስደው በ1937 ከዶጋሊው መታሰቢያ ግርጌ አኖሩት። አንበሳው ሙታኑን እንዲጠብቅ ወይም ለሙታኑ እንዲሰግድ የታሰበ ይመስላል።

ዘርአይ ድረስ በኤርትራ የተወለደና ጣሊያንኛ የተማረ አስተርጓሚ ነበር። ጁን 15 ቀን 1938 ወደዚያ ሥፍራ ሄዶ በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስቆሙት የሞከሩ በተነሡበት ጊዜ ጎራዴውን መዘዘ፤ ሰዎች ቆሰሉ፤ እርሱም በጥይት ተመትቶ ተያዘ። በአገራችን ሲነገር የኖረው ትረካ ከዚህ ይሰፋል፤ በታላቅ የፋሺስት ሰልፍ ላይ ብዙ መኮንኖችን ገደለ ይላል። ከጊዜ በኋላ በኢጣልያ መዛግብት ላይ የተደረገው ጥናት ያን ያህሉን አይደግፍም። እኔ ትረካውን ማሳነሴ አይደለም፤ ይልቁንም መዛግብቱ የሚያሳዩት ነገር ከትረካው የጠለቀ ሆኖ አገኘዋለሁ። ምክንያቱም የነገሩ ፍሬ ጎራዴው ሳይሆን መንበርከኩ ነው።

ካንት መንበርከክን በጥርጣሬ እንደሚያይ ከላይ ተመልክተናል፤ የተንበረከከ ሰው ፈርቷል፣ የፈራም ነጻ አይደለም ብሎ ያስባል። በዚያ ዕለት በሮማ የሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ለመፈራት የቆመው የመንግሥቱ ኃይል ሁሉ፣ ማለትም የራምሴስ ድንጋይ፣ የድል መታሰቢያውና ፖሊሱ በሥፍራው ነበረ። ዘርአይ ለዚያ አልተንበረከከም። የተንበረከከው ለተማረከው፣ ለተዋረደው፣ ጥርሱም ጥፍሩም ከመዳብ ለሆነ አንበሳ ነው። ፋሺስቶቹ አንበሳውን ያኖሩት ሎሌነትን እንዲያሳይ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን በጉልበቱ ወርዶ የአንበሳውን ግርማ መለሰለት። ግርማ ከዕቃው ሳይሆን ከተመልካቹ ነጻ ፈቃድ ይመነጫል የሚለው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም። ምሳሌውን የሰጠውም ካንት በ1764 ከፍ ያለ ስሜት የላቸውም ካላቸው ወገን የሆነ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ሊዘነጋ አይገባም። ዘርአይ በሲሲሊ ደሴት፣ ባርቼሎና ፖትሶ ዲ ጎቶ ወደሚባል ከተማ፣ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተላከ። እዚያም ሰባት ዓመት ቆይቶ በጁላይ 1945 ዐረፈ። ኢትዮጵያ ነጻ የወጣችው በ1941 ነው፤ ሲሲሊም በ1943 ከፋሺስቶች እጅ ወጥታ ነበር። በሩን የሚከፍትለት ግን አልተገኘም። እብድ ነው መባሉ የሕክምና ነገር ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ቅኝ ተገዢ የሆነ ሰው በፈቃዱ አንድ ነገር አደረገ ብሎ መቀበል ለዚያ ሥርዓት ከባድ ነው። ወንጀለኛ ቢሉት ፈቃድ እንዳለው ማመን ይሆናል፤ ሕመምተኛ ማለት ቀለለ።

ስለ ግርማ ይህን ያህል ካልን ስለ ውበት አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው በሮማ፣ በ1908 ነው። ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ ሥዕል የተማሩ፣ በአማርኛ ለዛና ጣዕም በዘመናቸው አቻ ያልነበራቸው ሰው ናቸው። ከጦርነቱ በፊት በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበሩ፤ በወረራው ጊዜ ግን ለወራሪው አድረው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ጽሑፋቸው ዛሬም ያምራል፤ ማማሩን ለመካድ የሚሞክሩ ሰዎች በከንቱ የሚደክሙ ይመስለኛል። ነገር ግን ውበትን የሚወድ ሁሉ ነጻነትን ይወዳል ብሎ ማሰብ እንደማይቻል ከእርሳቸው በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ ተዛወረ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፣ ኢጣልያ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራና የታሪክ ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። በ1956 በሁለቱ መንግሥታት መካከል ሌላ ስምምነት ተደረገ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመለሰ። ሐውልቱ ግን አልተመለሰም። ድንጋዩ ይሰበራል፣ ጉዞው አይቻልም፣ ወድቆ ያገኘነውን እኛ ነን ያቆምነው፣ የሮማ ሰው ለምዶታል፤ የሚቀርቡት ምክንያቶች እነዚህ ነበሩ። በ18 ወር ይመለስ የተባለው ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። ለሚኒስቴሩ የታሰበው ሕንጻም ከ1951 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ለስብሰባ የሚመጡ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከበሩ ፊት የገዛ አባቶቻቸውን ሐውልት ያገኙ ነበር።

በዚህ መካከል ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 መጣ። የሮማው ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አድርጎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ የሚያልቅ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ የተጀመረ ስለነበር መንገዱን ወታደሮች ችቦ ይዘው አብርተውታል። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድመው አጥንተው ነበር፤ ተፎካካሪውን ጥሎ ሊሄድ የወሰነበትም ቦታ የአክሱም ሐውልት ያለበት ነው፤ ከመድረሻው የሚርቀው ጥቂት ነው። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን እስከዚያ ደረሱ። ከሐውልቱ ዘንድ አበበ ፈጠነ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን፣ ራዲን 25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ገባ።

ስለዚህ ሩጫ ብዙ ተብሏል፤ አብዛኛውም ስለ ብቀላ ነው። ሙሶሊኒ በሠራዊት የያዘውን አገር አንድ ወታደር በባዶ እግሩ ሮማን ያዘባት እየተባለ ይነገራል። ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያየነውን ነገር አይገልጸውም። ፊልሙን የተመለከተ ሰው የሚያየው የበቀለኛ ፊት አይደለም። ትከሻው አይወዛወዝም፤ ፊቱ አይጨማደድም፤ እግሩ ድንጋይ በተነጠፈበት ጎዳና ላይ የሚያርፈው ምንም እንዳልከበደው ሆኖ ነው። ይህን ለመረዳት ከካንት ይልቅ ፍሪድሪክ ሺለር ይረዳናል። ሺለር የመስፍኑን ጦር ሐኪምነት ጥሎ በ1782 ከትውልድ አገሩ የኮበለለ ሰው ነው፤ ስለ ነጻነት ሲጽፍ ከቤቱ ርቆ ነው። በ1793 ባወጣው ድርሰት ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛው ሰው በመከራ ውስጥ ሥጋው እየተሰቃየ ፈቃዱ ሳይሸነፍ ሲቀር የሚታይበት ክብር ነው። ሁለተኛው በእንቅስቃሴ የሚገለጥ ውበት ነው፤ ተፈጥሮ የሰጠችው የመልክ ውበት ሳይሆን ሰውዬው ራሱ በነጻነቱ የሚያመጣው፣ ፈቃዱና ሥጋው ሳይጣሉ አብረው ሲሄዱ የሚወለድ። የመጀመሪያው ከግርማ ወገን ነው፤ ሁለተኛውን በአማርኛ ሞገስ ከማለት የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ዘርአይ በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ያሳየው የመጀመሪያውን ነው፤ አበበ በፖርታ ካፔና ያሳየው ሁለተኛውን። በሁለቱም መካከል 22 ዓመትና እግረኛ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚጨርሰው መንገድ አለ። ሁለቱም ከተወሰደ ዕቃ ፊት የሆኑ ናቸው፤ ሁለቱም ዕቃውን አልነኩትም፤ በሁለቱም ጊዜ ዕቃው ካቆሙት ሰዎች አሳብ ወጥቶ ሌላ ነገር ሆነ። የሚለያዩት በዋጋው ነው። ዘርአይ ከግርማው ጋር ሆስፒታል ገባ፤ አበበ ከሞገሱ ጋር ወደ ነጻ አገሩ ተመለሰ። ሺለር በሌላ ጽሑፉ ኃይል የበረታበት ሰው ኃይሉን በሐሳቡ ሊያሸንፈው ይችላል ሲል፣ ይህ ለታሰረ ሰው ምን ያህል ቀዝቃዛ መጽናኛ እንደሆነ የሚያውቅ አይመስልም። የውስጥ ነጻነት ያለ ውጭ ነጻነት ሊኖር ይችላል፤ እንደዚያ ሆኖ መኖር ግን ለማንም የሚመኙት ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ መነሣትም አለበት። ሐውልቱ ራሱ የነጻነት ሥራ ነው ወይ? 160 ቶን ድንጋይ ጠርቦ ከኮረብታው ወደ መቃብሩ መጎተት ብዙ የሰው ጉልበት የፈጀ፣ በነገሥታት ትእዛዝ የተሠራ ነገር ነው። የአክሱም ነገሥታት ባሕር ተሻግረው የሰው አገር የገዙ፣ ምርኮኛ የማረኩ፣ ድላቸውንም በድንጋይ ላይ ያስጻፉ ናቸው። ድንጋዩን የጎተቱትን ሰዎች እይታ ሐውልቱ አይነግረንም፤ ከዚህ አንጻር የሮማው ሐውልት አቋሚዎችና የአክሱሞቹ እጅግ የተራራቁ አይደሉም። ይህን መቀበል የማስመለሱን መብት አይነካም፤ መብቱ የተመሠረተው በውልና በባለቤትነት ላይ እንጂ በአባቶቻችን ጽድቅ ላይ አይደለምና። የሚነካው ግርማውን ለድንጋዩ ብቻ የሚሰጠውን ልማዳችንን ነው።

ማስመለሱ ራሱ የፍልስፍና ሥራ አልነበረም። ሪቻርድ ፓንክረስትን የመሰሉ ወዳጆችና በአገር ቤትና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ዓመታት ደብዳቤ ሲጽፉና ፊርማ ሲያሰባስቡ ኖሩ። በ1997 ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ተስማሙ። በ2002 ሐውልቱን በሮማ መብረቅ መታው፤ አይሰበር ዘንድ እዚሁ ይቆይ ይሉ የነበሩት ሰዎች ክርክር ያን ጊዜ ላላ። በኖቬምበር 2003 መፍታቱ ተጀመረ፤ በኤፕሪል 2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አክሱም ተጓጓዘ፤ በዩኔስኮ አስተባባሪነት ተገጣጥሞ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2008 ተመረቀ። እርሱ በሮማ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከቦታው ያልተነቃነቀው፣ በተለምዶ የኢዛና የሚባለው 21 ሜትር ገደማ የሆነው ሐውልት እዚያው ነበር፤ አዲስ ገቢው ጎረቤቱ ሲተከል ያጋደለው ይህ ሐውልት እንዳይወድቅ በድጋፍ ማሰር አስፈልጎ ነበር። በኖቬምበር 2020 በዚያች ከተማ የኤርትራ ወታደሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን እንደገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በማግስቱ ዓመት ባወጣው ዘገባ መዝግቧል። ዘርአይ ድረስን ሁለቱም አገሮች የእኔ ጀግና ይሉታል።

በሮማ ሐውልቱ ቆሞበት በነበረው በፖርታ ካፔና አደባባይ በ2009 ሁለት ጥንታዊ ዐምዶች ተተክለዋል፤ በኒው ዮርክ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። የዶጋሊው ሐውልት ግን ዛሬም በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ አለ። የራምሴስ ድንጋይም አናቱ ላይ ነው። ዘርአይ በተንበረከከበት በኩል አንበሳ የለበትም።